ድንጋዩን አንጣለው፣ ቅጠሉን አናቃጥለው

በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ቅሬያችን የቆመው ለቀብር ነው። ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ዶማውም፣ አካፋውም የተገዛው አንዳችን ስንለይ የቀረነው በወጉ እንድንቀብር፣ ሐዘንተኛውም ብቻውን እንዳይቀመጥ ነው። ይሁን እንጂ ዶማና አካፋ ለሙታን ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ዛሬ የምንነጋገረው እነዚሁ መሣሪያዎች ለሕያዋን ሊሠሩ ስለሚችሉት ሥራ ነው። ይኸውም በተዳፋትና በድንጋያማ ግቢያችን ላይ ድንጋይንና ጉዝጓዝን አስማምተን አፈራችንን፣ ቤታችንን፣ እንዲሁም የመቃብር ቦታችንን ከጎርፍ የምናድንበት መንገድ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ጎርፍ በአንድ ቀን ቤት አያፈርስም፤ ዓመት ዓመት እየላሰ፣ መሠረቱን እያራቆተ ይቆይና አንድ ክረምት ላይ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ግንበኛ መጥራትም፣ ጎረቤት መውቀስም ዋጋ የለውም።

የመሬታችን ጠባይ

መካነ ሰላምና አካባቢዋ፣ ከሳይንት እስከ ከላላ፣ ከለጋምቦ እስከ ወግዲ፣ ደጋና ገደል የተቀላቀለበት አገር ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ መሬቱ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ዓለት በጥንት ዘመን ከመሬት ውስጥ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለዚህ ነው ግቢያችንን በቆፈርን ቁጥር ድጅኖው ጥቁር ድንጋይ የሚመታው። ሜዳ በሆነው ቦታ ዋልካ አፈር አለ፤ ተዳፋቱ ላይ ግን አፈሩ ስስ ነው፤ ብዙ ቦታ ጭንጫ ነው። ዝናቡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ አይዘንብም፤ ዋናው ኃይሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል።

እንግዲህ ስስ አፈር፣ ቀጥ ያለ መሬትና በሁለት ወር የሚወርድ ብርቱ ዝናብ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሁላችንም በዓይናችን እናየዋለን። በሐምሌ ከደጃችን የሚወርደው ውሃ መልኩ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። ያ ድፍርስ የእኛው ጓሮ ነው።

ሃንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በአገራችን ደጋ ከሚታረስ አንድ ሄክታር መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተው ነበር። 42 ቶን ሲባል ሩቅ ነገር ይመስላል። እስቲ ወደ ግቢያችን እናምጣው። በአንድ ካሬ ሜትር ሲካፈል 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። ግቢያችን 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና እንደዚያ እርሻ ቢታጠብ፣ በዓመት 840 ኪሎ፣ ማለትም ከ8 ኩንታል በላይ አፈር ይሄዳል ማለት ነው። ግቢና እርሻ አንድ አይደለም፤ ቁጥሩም ለመገመት ያህል ነው። ነገር ግን ከደጃችን ላይ 8 ኩንታል እህል ተጭኖ ሲሄድ ዝም ብለን የምናይ ሰዎች አይደለንም። ለአፈሩስ ለምን ዝም እንላለን?

በአንጻሩ በየግቢያችን ሁለት ነገሮች ሲጣሉ እናያለን። አንደኛው ድንጋይ ነው፤ ከጓሮ እየለቀምን አጥር ሥር እንከምረዋለን፣ ወይም ወደ ገደል እንገፋዋለን። ሁለተኛው ቅጠልና ደረቅ ሣር ነው፤ ጠርገን እናቃጥለዋለን። አፈሩን ሊያስቀሩልን የሚችሉት ግን እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ጉዝጓዝ ለምን ይጠቅማል?

ጉዝጓዝ ስንል ለበዓል ቤታችን ውስጥ የምንጎዘጉዘውን ሣር እናስባለን። ለመሬትም የሚደረገው ያው ነው። ባዶውን አፈር በደረቅ ሣር፣ በገለባ፣ በቅጠል ወይም በተከታተፈ ቅርንጫፍ ማልበስ ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት ዝናብ አፈርን እንዴት እንደሚያነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ እንደ ትንሽ መዶሻ ነው፤ አፈሩን ይበትነዋል። የተበተነው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ውሃውም መግቢያ ሲያጣ በላይ በላይ ይፈስሳል። ተዳፋቱ በረዘመ ቁጥር ውሃው እየተጠራቀመ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ፈጣን ውሃ ደግሞ ብዙ አፈር ይሸከማል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ጠብታውን ከመሬት በላይ መቀበል፣ የሚሄደውንም ውሃ ማዘግየት። ጉዝጓዙ ጠብታውን ይቀበላል፤ ድንጋዩ ውሃውን ያዘገያል።

ይህ አዲስ የተፈለሰፈ ብልሃት አይደለም። ብዙዎቻችን ደንቆሮ ጫካ እያልን ወደምንጠራው ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሄደ ሰው፣ በአስታውና በኮሶው ሥር የወደቀውን ቅጠልና ሽበት ረግጦ አልፏል። ያ ሁሉ ተዳፋት ነው። ጫካው አፈሩን በራሱ ጉዝጓዝ ይሸፍናል፤ እኛ ጋ ግን ያው ቅጠል ይቃጠላል።

ከሌሎች የተማርነው

በደሴ አቅራቢያ ካለው ከማይባር እንጀምር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ሥራ ተጀምሮ፣ አንዱ ጣቢያ በማይባር ተቋቋመ። ጎርፍ ይዞት የሚሄደው አፈር እዚያ ተለክቷል። ከእንዲህ ያለው ልኬት የተገኘው ዋና ትምህርት የአፈሩ አብዛኛው ክፍል የሚታጠበው በጥቂት ብርቱ ዝናቦች መሆኑ ነው፤ ይልቁንም መሬቱ ገና ቡቃያ ሳይለብስ ባዶውን ባለበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ጉዝጓዝ በነሐሴ ቢነጠፍ የዘገየ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ መነጠፍ አለበት።

ከትግራይ ደግሞ ሁለት ነገር ተምረናል። በደጋው እርሻ ላይ በተደረገ ጥናት የድንጋይ እርከን የተሠራበት ማሳ ከመሠራቱ በፊት ይታጠብ ከነበረው አፈር 68 በመቶውን እንዳስቀረ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ታትሟል። ሌላው ትምህርት ስለ ትንንሽ ድንጋዮች ነው። የእርሻን ገጽ የሸፈኑትን ትንንሽ ድንጋዮች ለቅሞ ማውጣት አጠባውን እንደሚያብሰው ታይቷል። ገበሬዎቹም ትንንሹን ድንጋይ መልቀም አይወዱም ነበር፤ እርጥበት ይይዛል ይላሉ። ድንጋዩ ራሱ ጉዝጓዝ ነው ማለት ነው።

ከሩቅ አገርም ምሳሌ አለ። ላንዛሮቴ በምትባል የስፔን ደሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1730 እስከ 1736 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ እርሻውን በጥቁር ጠጠር ቀበረው። ሕዝቡ እርሻችን ጠፋ ብሎ አዘነ። በኋላ ግን ጠጠሩ የሌሊቱን እርጥበትና ጥቂቱን ዝናብ እንደሚይዝ አዩና በጠጠሩ ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ በነፋስ በኩል የግማሽ ጨረቃ ካብ እየካቡ ወይን ተከሉ። ዛሬም ወይናቸው የሚበቅለው እንዲሁ ነው።

በአገራችን በካብ ሥራ ስማቸው የታወቀው ደግሞ ኮንሶዎች ናቸው። ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የካቡት እርከን ከ400 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እርከኑ እስከ ዛሬ የቆመው በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ የወደቀውን የሚያነሣ ሰው ስላለው ነው።

የእኛም የወሎ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ፣ በተለይም በ1970ዎቹ፣ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተቀይሶ እርከን ተሠርቷል። ስንዴና ዘይት እየተቀበሉ ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ እርከን ብዙው ፈረሰ። ምክንያቱ ድንቁርና አልነበረም። በትእዛዝ የተሠራ ነበር፤ ባለመሬቱ አልተጠየቀም፤ እርከኑ መሬት አጠበበ፤ አይጥም መኖሪያ አደረገው። ስለዚህ እኛ የምንሠራው ሥራ ባለግቢው አምኖበት፣ ጥቅሙንና ችግሩን አይቶ የሚሠራው ይሁን።

ሥራው በተራ

አንደኛ፣ ውሃውን ማወቅ። ማንኛውንም ድንጋይ ከማንሣታችን በፊት በአንድ ብርቱ ዝናብ ቀን ግቢያችንን ዞረን እንይ። ውሃው ከየት ይገባል? የት ይጠራቀማል? በማን በኩል ይወጣል? የቆርቆሮ ጣሪያችን ብቻውን ብዙ ውሃ ያመጣል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 500 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ተኩል ውሃ ይሆናል። አሸንዳ ሰቅሎ በርሜል የደቀነ ሰው ጎርፍም ቀነሰ፣ ለጓሮውም ውሃ አገኘ። አሸንዳ መግዛት ያልቻልን ደግሞ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ጠጠር እንዘርጋ፤ ጠብታው መሬቱን አይቦረቡረውም፣ ጭቃውም ግድግዳችን ላይ አይረጭም።

ሁለተኛ፣ ከላይ የሚመጣውን መቀልበስ። ከግቢው በላይ በኩል በአግድም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 1 ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ከበዛ ውሃው ቦዩን ራሱን ይቦረቡረዋል። መውጫው ሣር ወይም ድንጋይ ወደ ለበሰ ቦታ ይሁን፤ በጎረቤት መሠረት ላይ በምንም ምክንያት አይሁን።

ሦስተኛ፣ ካብ። ካቡ በአግድም ልክ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ተሰብስቦ ይጥሰዋል። ልኩን ለመያዝ መሐንዲስ አያስፈልግም። ሁለት እኩል እንጨቶችን ከላይ አስረን፣ እግራቸውን ከፍተን፣ በመሐል አግዳሚ እንምታ፤ ከላይኛው ጫፍ ላይ በሲባጎ ድንጋይ እናንጠልጥል። ይህ ቱምቢ ነው። እግሮቹን አቁመን ሲባጎው ያረፈበትን አግዳሚው ላይ እናመልክት፤ እግሮቹን አለዋውጠን እንደገና እናመልክት፤ የሁለቱ ምልክት መካከል ልኩ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ባረፈ ቁጥር ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል። እንዲህ እያልን ከእግር ወደ እግር እየተራመድን ችካል እንተክላለን።

የካቡ መሠረት ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ወደ ጠንካራው መሬት ይቆፈር። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሁን። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ይረፍ፤ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከተከፈተ ካቡ ይቀደዳል። ፊቱ ወደ ተዳፋቱ ትንሽ ያጋድል። ከጀርባው ጠጠር ይሞላ፤ ጭቃ አይሞላ። ደረቅ ካብ ጥቅሙ ውሃውን ማሳለፉ ነው። በሲሚንቶ የሚገነባ ግን ከሥሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካልተተወለት፣ ውሃው ከጀርባው ተጠራቅሞ ይገፋዋል። ብዙ ጊዜ ጠንካራ መስሎ ታይቶ የሚወድቀው ይህ ዓይነቱ ነው። ዋልካ አፈር ደግሞ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በዋልካ ላይ የሚካብ ከሆነ መሠረቱ ጠለቅ፣ የጀርባው ጠጠርም ወፈር ይበል።

የካቡ ከፍታ ዝቅ ያለ ይሁን። የካብ ቁመት እጥፍ ሲሆን ከጀርባው የሚገፋው የአፈር ኃይል እጥፍ ሳይሆን ወደ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ8 ሜትር ርቀት 2 ሜትር የሚወርድ ግቢ ያለን ሰዎች አንድ የ2 ሜትር ካብ ከምንገነባ፣ በየ2 ሜትሩ አራት የግማሽ ሜትር ካቦች ብንሠራ ይሻላል። ድካሙ ይቀላል፣ አደጋው ይቀንሳል፣ በየመካከሉም ደልደል ያለ መደብ እናገኛለን። ከ1 ሜትር በላይ የሚሆን ካብ ግን ልምድ ያለው ግንበኛ ሳያየው አይሠራ።

አራተኛ፣ ጉዝጓዝ። በመደቡ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፍ። በተዳፋት ላይ ሣሩ ወደ ታች ሳይሆን በአግድም ይዘርጋ፤ ወደ ታች ከተዘረጋ ውሃው እንደ አሸንዳ ይጠቀምበታል። ነፋስና ጎርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበት፣ ወይም በችካልና በቅርንጫፍ ይያዝ። ከተክሉ ግንድ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከተጠጋ ግንዱን ያበሰብሳል። ምስጥ ባለበት ቦታ ከቤት ግድግዳም ይራቅ።

እዚህ ላይ እናቶች የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ነው። ገለባው የከብት መኖ ነው፣ ኩበቱ ማገዶ ነው፣ ታዲያ ምን እንጎዝጉዝ? እውነት ነው፤ ከከብት አፍ ነጥቀን ለመሬት እንስጥ አንልም። ከብት የማይበላው ግን ብዙ አለ። ዘር ሳይዝ የታረመ አረም፣ ከአጥር የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ከገሾና ከኮክ የረገፈ ቅጠል፣ ከበዓል በኋላ ከቤት የተጠረገ ጉዝጓዝ፣ ከብት የተወው የመኖ ትራፊ። ቄጠማው እንኳ ሁለት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ አንድ ጊዜ ለእንግዳ፣ አንድ ጊዜ ለጎመን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ለአትክልት መደብ አይመረጥም፤ ሌላውን ቡቃያ ያቀጭጫል። በመንገድና በአጥር ሥር ይጣል። ዘር የያዘ አረምም አይነጠፍ፤ በራሳችን ላይ እንደ መዝራት ነው።

አምስተኛ፣ የድንጋይ ጉዝጓዝ። ቅጠል በማይገኝበት፣ ወይም ነፋስና ዶሮ በሚበትነው ቦታ ትንንሽ ድንጋይና ጠጠር ይተካዋል። በዛፍ ሥር ዙሪያውን ብንደለድለው እርጥበቱን ይይዛል። ግን ሁለት ነገር እንወቅ። ድንጋዩ በአፈሩ ላይ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ ውሃው በሥሩ እየገባ ይሰርጋል፤ በተረገጠና በደደረ አፈር ውስጥ ተነክሮ ሲቀር ግን እንደ ንጣፍ ሆኖ ውሃውን ያፈስሳል። ስለዚህ መሬቱ አስቀድሞ ይኮትኮት፣ ከዚያ ድንጋዩ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በጣም ቀጥ ባለ ቦታ ጠጠር ይንሸራተታል፤ እዚያ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ሲሶው ወደ መሬት ተቀብሮ ይቀመጥ፣ ጠጠሩ በእነሱ መካከል ይረፍ።

ስድስተኛ፣ ሥር ያለው ነገር መትከል። ድንጋይና ቅጠል ጊዜ ይገዙልናል፤ መሬቱን ለዘለቄታው የሚይዘው ሥር ነው። በካቡ አናት ላይ ሣር፣ ትሪ ሉሰርን፣ እሬት፣ ገሾ እንትከል። ትሪ ሉሰርን በደጋ የሚስማማ ሆኖ ቅጠሉ ለከብት መኖ ስለሚሆን፣ ቅድም ለተነሣው የመኖ ጥያቄ ከፊል መልስ ነው። ለኮክ ወይም ለሌላ ዛፍ ከሥሩ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ካብ ቢደረግለት የራሱን ውሃ ይይዛል።

የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ግማሽ ሥራ ነው። ውሃ አጥር አያውቅም። የላይኛው ግቢ ባለቤት ቦዩን ወደ ታችኛው ደጃፍ ካዞረ፣ የታችኛው ምንም ያህል ካብ ቢክብ አያተርፍም። የታችኛውም ካብ ልሠራ ብሎ የተዳፋቱን እግር ከቆረጠ፣ የላይኛው ቤት መሠረት ይላላል። በየሰፈሩ በክረምት የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። በነሐሴ የተኳረፈ ጎረቤት በመስከረም ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ለመትከል ፊት ለፊት ይገናኛል። ታዲያ አስቀድሞ በግንቦት ቢነጋገር አይሻልም?

ስለዚህ ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ከተዳፋቱ አናት ያለው ግቢ ይጀምር፤ ቀጥሎ ያለው ይከተል። ከታች የተጀመረ ሥራ በመጀመሪያው ጎርፍ ይፈርሳል። የላይኛው ጎረቤት አቅም የሌለው፣ አሮጊት ወይም ሕመምተኛ ከሆነ፣ ከታች ያለነው ሄደን በወንፈል እንሥራለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የራሳችንን ደጃፍ ነው የምንሠራው። የጋራ መሄጃ የሆነው ቦይና የውሃ መውጫም በጋራ ይጠረግ፤ ቆሻሻ አይደፋበት። ከቦረቦርና ከወንዝ ዳር ድንጋይ አይነሣ፤ እዚያ ያለው ድንጋይ ውሃውን አስሮ የያዘ ክትር ነው።

ድንጋይ የማይችለው

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የሚገባን ነገር አለ። ካብና ጉዝጓዝ የላይኛውን አፈር ያስቀራሉ፤ ተራራ ሲናድ ግን አያቆሙም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። ከብርቱ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ሰዎችን ቀበረ፤ እነዚያን ለማውጣት ጎረቤቶች ዶማ ይዘው ሲሮጡ ሁለተኛው ናዳ በእነሱም ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሰው ለማዳን የሄዱ ነበሩ። እኛም ጩኸት ስንሰማ ዶማ ይዘን የምንሮጥ ሰዎች ስለሆንን ይህ ነገር ይመለከተናል።

ስለዚህ ምልክቱን እንወቅ። ከቤታችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ በአግድም አዲስ ስንጥቅ ቢታይ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች በአንድ በኩል ቢያጋድሉ፣ በር ያለምክንያት አልዘጋ ቢል፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ቢደፈርስ፣ መሬቱ እየሄደ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ውሃ ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ መቆፈር አደጋውን ያብሰዋል፤ ውሃውን ከዚያ ማራቅ ነው የሚያስፈልገው። ዝናቡ ሲበረታም ቤቱን ለቆ ዘመድ ጋ ማደር ነው። ለቀበሌና ለወረዳው ቶሎ ይነገር። ናዳ የወረደበትንም ቦታ ሁላችን ባንድ ጊዜ አንውረር፤ ተዳፋቱን የሚያይ ሰው በራቀ ቦታ ቆሞ ይጠብቅ፣ የቀሩት ጥቂት ጥቂት ሆነው ይግቡ።

ስለ መቃብራችን

በመጨረሻ ወደ ቅሬያችን ዋና ጉዳይ እንመለስ። የቤተ ክርስቲያኑም ሆነ የሙስሊሙ መቃብር ያለው እንደ ቤታችን ሁሉ በተዳፋት ላይ ነው። ትኩስ የተቆፈረ መቃብር በግቢው ካለው መሬት ሁሉ የላላው ነው፤ ጎርፍ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አባቶቻችን በመቃብር ላይ ድንጋይ የሚከምሩት ለምልክትና ለክብር ብቻ አልነበረም፤ አፈሩን እንዲጠብቅም ነው። አሁን በሲሚንቶ የሚሠራው መቃብር ለራሱ ጠንካራ ነው፤ ግን ውሃውን ስለማያሰርግ በጎኑ ወዳለው ድኻ መቃብር ይለቅቀዋል።

ስለዚህ ጠቅላላ ስብሰባው እንዲመክርበት ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ በዓል ባልሆነ ቀን፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ወጥቶ ከመቃብሩ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና ዝቅተኛ ካብ እንሥራ። ድንጋዩ ከየግቢያችን ከተከመረው ይምጣ፤ ከመቃብር ላይ ግን አንድም ድንጋይ አይነሣ። ሁለተኛ፣ በሲሚንቶ የሚያሠራ ቤተሰብ ከሥራው ዙሪያ ውሃ የሚሰርግበት የጠጠር መስመር ይተው። ሦስተኛ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ሁለት ሁለት ሰዎች እየተመደቡ ቦዩንና ካቡን ይዩ። ለቀብር የተዋጣው ገንዘብ ለዚህ አይነካ፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጉልበትና ድንጋይ ነው፤ ሁለቱም አሉን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ድንጋይም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዳችን ከግቢያችን አሥር አሥር ድንጋይ ብናመጣ ካቡ በአንድ ቀን ይቆማል።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ለቀረነው ጤና ይስጠን፤ ክረምቱንም የምሕረት ያድርግልን።